የግል ምላሽ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

በደሴ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የአማርኛ መምህራችን በዚህ ዓመት ባነበብነው በእያንዳንዱ ታሪክ ላይ የግል ምላሻችንን በደብተር እንድንጽፍ አዝዘውናል። ስለ አንቶን ቼኾቭ «ቫንካ» የጻፍኩት፣ ታሪኩን ስጨርስ እንዳለቀስኩና ከገጠር መጥታ በጎረቤታችን ቤት የምትሠራ እኩያዬ ትዝ እንዳለችኝ ነበር። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ፣ ገበሬዎቹ አምፀው ፊታውራሪ መሸሻን በማረኳቸው ጊዜ ሰውየው እንዳሳዘኑኝ ጻፍኩ። መምህሩ ከመጀመሪያው ምላሽ ሥር «ይህ ስለ አንቺ ነው፤ ታሪኩ የት አለ?» ብለው ጻፉ፤ ከሁለተኛው ሥር ደግሞ «ደራሲው የፈለጉት ይህን አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ባጭሩ እየተረክሁ ብቻ አስረክባለሁ። ነጥቤ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ደብተሩን መልሼ ሳነበው የእኔ የሆነ ነገር አላገኝበትም። የተሰማኝን መጻፍ ስሕተት ነው ወይ?

አንባቢያችሁ

መልስ

ውድ ተማሪያችን፤ የተሰማሽን መጻፍ ስሕተት አይደለም። የታሪኩን ማጠቃለያ ማስረከብሽን ግን ዛሬውኑ እንድታቆሚ አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ መምህርሽ ታሪኩን ያውቁታል፣ አንቺ እንዴት እንዳነበብሽው ግን ካልነገርሻቸው በቀር ሊያውቁ አይችሉም።

በመጀመሪያው አስተያየት ላይ መምህርሽ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። «አለቀስኩ» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም፣ ከየትኛው የታሪኩ ስፍራ እንደ መጣ ካልተነገረ አንባቢው ሊከተልሽ አይችልም። ስለዚህ ወደ «ቫንካ» አብረን እንመለስ። በ1886 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ፣ ሞስኮ ውስጥ ለአንድ ጫማ ሰፊ የተሰጠው የዘጠኝ ዓመቱ ቫንካ በገና ዋዜማ፣ ጌቶቹ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት፣ ለአያቱ በድብቅ ደብዳቤ ይጽፋል። ሕፃን ሲያባብል እንቅልፍ ስለ ወሰደው ጌታው እንደ ደበደበው፣ ዓሣውን ከጅራቱ በኩል ማጽዳት ስለ ጀመረ እመቤቲቱ የዓሣውን ራስ ፊቱ ላይ እንዳሸችበት ይነግረዋል፤ መጥቶ እንዲወስደውም ይለምነዋል። አንቺ ያለቀስሽው እዚህ ላይ ነውን? ምናልባት ይሆናል። እኔ ግን ብዙ አንባቢ ልቡ የሚሰበረው ከዚህ በኋላ፣ ልጁ በፖስታው ላይ አድራሻ ሲጽፍ ይመስለኛል። የሚጽፈው አያቱ በመንደር መሆናቸውን ነው፤ ጥቂት አስቦ ስማቸውን ይጨምርበታል፤ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ሮጦ ሄዶ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፣ ተመልሶም በተስፋ ተሞልቶ ይተኛል፤ በሕልሙ አያቱ ምድጃው ላይ ተቀምጠው ደብዳቤውን ለወጥ ቤት ሠራተኞቹ ሲያነቡላቸው ያያል።

ደብዳቤው እንደማይደርስ ቼኾቭ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይነግረንም። እኛ እናውቃለን፣ ልጁ አያውቅም፤ ሐዘኑ የተሠራው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ስለዚህ «አለቀስኩ» ብለሽ ጀምረሽ፣ ዕንባው የመጣበትን መስመር ፈልገሽ፣ ያ መስመር ለምን እንዳስለቀሰሽ ብትጽፊ፣ የግል ስሜትሽ ታሪኩ እንዴት እንደ ተሠራ ወደ ማስተዋል ያደርስሻል። ስሜቱን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ያለ እርሱ ያን መስመር አታገኚውም ነበር።

በጎረቤት ቤት የምትሠራውን ልጅ ማስታወስሽን በተመለከተ፣ እኔ በግሌ ከምላሽሽ ሁሉ የከበረው ክፍል እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በሩሲያ የተጻፈ ታሪክ በአጠገብሽ ያለችውን ልጅ እንድታያት ካደረገሽ፣ ሥነ ጽሑፍ ሊያደርገው ከሚችለው ነገር ታላቁን አድርጓል። ነገር ግን እርሷን ካስታወስሽ በኋላ ወደ ገጹ ተመለሽ። ቫንካ ጽሕፈት ያውቃል፣ ደብዳቤ የሚጽፍለትም አያት አለው፤ እርሷስ ለማን ትጽፋለች? ቫንካ የመንደሩን ሕይወት የሚያስታውሰው በደስታ ብቻ ነው፤ እርሷ ስለ መጣችበት አገር ስትናገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለው ንጽጽር ሁለቱንም ያበራል። ልጅቷን አንሥተሽ ታሪኩን እዚያው ከተውሽው ግን፣ ሌላ ጥሩ ጽሑፍ ጽፈሽ ይሆናል እንጂ ለ«ቫንካ» ምላሽ አልሰጠሽም።

ይህ ጭንቀት የአንቺና የመምህርሽ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በካምብሪጅ ለተማሪዎቹ የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ግጥሞችን እየሰጠ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይሰበስብ ነበር፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ብዙዎቹ በግጥሙ ፋንታ የራሳቸውን ትዝታና አስቀድሞ የተዘጋጀ ስሜት ያነቡ ነበር። አሜሪካዊቷ ሉዊዝ ሮዘንብላት ደግሞ በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሥራዋ፣ አንባቢው የሚያመጣው ሕይወት ከሌለ ንባብ የሚባል ነገር እንደሌለ ተከራክራለች። እኔ ወደ ሮዘንብላት አደላለሁ፤ ሆኖም የሪቻርድስን ማስጠንቀቂያ መርሳት አይገባም።

ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ልመለስ። እዚህ ላይ ከመምህርሽ ጋር በአክብሮት እለያለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ለገበሬው የሚያደላ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በጉዱ ካሣ አፍ የሚነገረውም በዘር ኩራት ላይ የቆመውን ሥርዐት የሚነቅፍ ነው። ይሁን እንጂ ታላቅ ደራሲ የሚነቅፈውን ሰው ሰውነቱን አይነፍገውም። ፊታውራሪው ከገበሬው ጋር የተጣሉት የማይገባቸውን ግብር ጠይቀው ነው፤ ያም ሆኖ፣ ዘራቸውንና ጀግንነታቸውን ሲመኩበት የኖሩ ሽማግሌ በሚንቁት ባላገር እጅ ሲወድቁ አንባቢ ቢያዝን፣ ሐዘኑን የፈጠረው የደራሲው ብዕር ነው። «አሳዘኑኝ» ያልሽውን አትሰርዢው። ቀጥለሽ ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ያሳዘነሽ ቃል ወይም ድርጊት የትኛው ነው? ያ ሐዘን የገበሬዎቹን በደል አስረሳሽ ወይስ አላስረሳሽም? ለሁለቱም መልስ ካገኘሽ፣ መምህርሽ ባይስማሙ እንኳ የሚከራከሩት ከመጽሐፉ ጋር ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት፣ መምህሩ ለአንድ ንባብ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ «አንድም» እያለ ሌላውን ይጨምራል። ፍቺዎቹ ቢበዙም የሚነሡት ሁሉ ከንባቡ ነው። ደብተርሽን በዚሁ መንገድ ብትጽፊው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የግል ምላሽ ሲጽፉ፣ ስሜትን በነጥብ መለካት ይከብደኛል። ምን ልመዝን?

መልስ

ስሜቱን አይመዝኑ። አንድ ልጅ «ታሪኩ ሰለቸኝ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ፣ የሰለቸውን አንቀጽ ጠቅሶ ምክንያቱን ካስረዳ፣ «እጅግ አስደናቂ ታሪክ ነው» ብሎ ካለፈው ይልቅ ብልጫ ሊሰጠው ይገባል። ተማሪው ስለ ደራሲው በጎ መናገር ግዴታው እንደሆነ ካሰበ የሚጽፍልዎ ሙገሳ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታሪኩን የነቀፈ አንድ ጥሩ ምላሽ መርጠው፣ የጻፈውን ልጅ አስፈቅደው፣ ለክፍሉ ያንብቡላቸው። አንዳንዱ ልጅ በቤቱ የደረሰበትን ነገር በደብተሩ ሊያነሣ ስለሚችል፣ ያለ ፈቃድ ማንበብ በፍጹም አይገባም።

ከሁሉም በላይ የምመክርዎ ሁለተኛ ንባብን ነው። አጭር ታሪክ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነብቦ ስለሚያልቅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ታሪክ እንደገና ያስነብቧቸው፤ የመጀመሪያውን ምላሽ ሳይሰርዙ ሁለተኛውን ከሥሩ እንዲጽፉና ምን እንደ ተለወጠ፣ ከየትኛውም መስመር የተነሣ እንደ ተለወጠ እንዲያስረዱ ያድርጉ። ነጥቡንም ለዚህ ማብራሪያ ይስጡ።