ዳዶው እምቢ ሲላችሁ

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ተደራጅተው የእንጨት ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ከኮምቦልቻ አሮጌ ሴጋ፣ ማለትም በክብ ምላጭ እንጨት የሚሰነጥቅ ማሽን ገዝተው፣ በአይሱዙ ጭነው የሐረጎን ዳገት አወጡት። ደሴ ወዳለው ሥራ ቤታቸው ሲያስጠሩኝ በማለዳ ደረስኩ። ማሽኑ ሁለት ክረምት ጣሪያው በተቀደደ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ኖሯል። ጠረጴዛው ቀይ አፈር የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የምላጩ ማንሻ አይነቃነቅም፤ ምላጩን ያሰረው ዳዶ፣ ያ በቁልፍ የሚጠብቀው ባለ ቀዳዳ ብረት፣ ምላጩን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር አንድ ብረት ሆኗል። አንደኛው ልጅ በቁልፉ እጀታ ላይ የአንድ ሜትር ቧንቧ ሰክቷል፤ ሌላው ትልቁን መዶሻ ይዞ ቆሟል። «ጋሼ፣ ጉልበቱ አለን፤ እርስዎ ብቻ ከጎናችን ይቁሙ» አሉኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ቧንቧ ነው።

እኔም ያንን ቧንቧ ሰክቼ አውቃለሁ። ሙያውን በተማርኩበት ቤት ገና ረዳት ሳለሁ፣ አልፈታ ያለ ዳዶ ላይ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ዳዶው ዞረ፤ ደስ አለኝ። የዞረው ግን ፊሌቶውን፣ ዳዶው የሚሄድበትን የዘንጉን ጠመዝማዛ ጥርስ፣ ልጦ ነበር። አዲስ ዘንግ በቶርኖ፣ ብረት እያዞረ በሚቀርጸው ማሽን፣ ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ከአንድ ወር በላይ ሥራ ፈታ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። የተላጠውን ዘንግ እጄ ላይ አስቀምጦ «ወዴት ነበር የሚፈታው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

መልሱ ይህ ነው፦ የሴጋ ዳዶ በአብዛኛው የሚፈታው ምላጩ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ዘንጉ በድንገት ይሽከረከራል፤ ዳዶው ግን በክብደቱ ለቅጽበት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ መዘግየቱ ይበልጥ እንዲያጠብቀው ተብሎ ፊሌቶው ተቀርጿል። ስለዚህ አንዱ ማሽን ላይ የቀኝ፣ ሌላው ላይ የግራ ፊሌቶ ታገኛላችሁ። ማሽኑን ከመብራት ካላቀቃችሁ በኋላ ከዳዶው ውጭ የቀረችውን የዘንጉን ጫፍ በብረት ብሩሽ ጥረጉና የፊሌቶውን ዘመም እዩ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ዝገት ከበላው ብረት የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ በፊሌቶው መካከል አብጦ ይቆልፋል። ብትጎትቱት ይበልጥ ይነክሳል እንጂ አይለቅም። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ዙሪያውን ጠርጌ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጣሁት፤ ያ በሌለበት ናፍጣም ይሠራል፣ ትዕግሥቱ ብቻ ይረዝማል። ከዚያ ዳዶውን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ አንኳኳሁት። ማንኳኳቱ ለመስበር አይደለም፤ ንዝረቱ ዝገቱን ሲያሰነጥቀው ዘይቱ በስንጥቁ ይገባል። ልጆቹን ቡና አስፈልቼ ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ሞከርኩት፤ በአጭሩ ቁልፍ፣ ያለ ቧንቧ ተፈታ። ምላጩ እንዳይዞር ጥርሱ ላይ ለስላሳ እንጨት ደግፌ ነበር፤ ካቻቪቴ ከሰካችሁ ጥርሱን ትሰብራላችሁ።

እሳት የሚቀናቸው አሉ። ዳዶ ሲሞቅ ቀዳዳው ስለሚሰፋ እውነትም ይረዳል። ነገር ግን ሰጋቱራና ናፍጣ ባለበት ቤት እሳት መለኮስ ሥራ ቤቱን ማቃጠል ነው። ዘንጉ በቀላሉ እንዲሽከረከር ይዞ የሚደግፈው ኩሽኔታ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ግራሶውን ታቀልጡታላችሁ። ትልቁን መዶሻ በተመለከተ፣ የእነዚህ ማሽኖች ጠረጴዛና የውስጥ አካል ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ከተቀዳ ብረት የተሠራ ነው። ያ ብረት ከባድ ነው እንጂ አይታጠፍም፤ ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። መልሶ መበየዱም የብርቱ ባለሙያ ሥራ ነው።

የምላጩ ማንሻ የከበደው ከዝገት ይልቅ በግራሶ ምክንያት ነበር። አንድ ደግ ሰው በየጊዜው ግራሶ ቀብቶታል፤ ሰጋቱራው ከግራሶው ጋር ተቦክቶ በማርሾቹ ጥርስ መካከል እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበን፣ አድርቀን፣ በግራሶ ፈንታ ሰም ቀባነው። ጠረጴዛውንም በነጭ ጋዝና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠርገን የሻማ ሰም አሸንበት። የጦሳን ተራራ ጉም ታውቁታላችሁ። ከባድ ብረት ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ያድርና ጠዋት እርጥብ አየር ሲነካው ያልበዋል። ደሴ ውስጥ ሰም ያልተቀባ ጠረጴዛ በአንድ ሐምሌ ይቀላል።

ኩሽኔታውን በእጃችሁ አዙሩት፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለው ቀይሩት። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6205 ካለ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዙ፤ የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው። 6204 ደግሞ 20 ነው። ይህን ካወቃችሁ አዲስ አበባ ያለ ሻጭ ጋር በስልክ ትግባባላችሁ።

አሁን ወደ ምላጩ፤ እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ልጆቹ የገዙት ምላጭ ቀዳዳው 30 ሚሊ ሜትር፣ ዘንጉ ግን 25.4 ነበር። ከቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልለው ሊሞሉት አስበዋል። በደቂቃ 4,000 ጊዜ የሚዞር ባለ 300 ሚሊ ሜትር ምላጭ ጥርሱ በሰከንድ 63 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ይህንን በቆርቆሮ ጥቅልል ላይ አታስቀምጡትም! ቶርኖ ቤት ሄደን ልኩን የጠበቀ ቀለበት አሠራን፤ ውፍረቱ ከምላጩ አካል እንዳይበልጥ አደራ ብለን፤ ቢበልጥ ማሰሪያው ቀለበቱን ጨብጦ ምላጩን ይለቀዋል። ምላጩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ቁጥርም ከማሽናችሁ ዙር ማነስ የለበትም። ምላጩ የሚደገፍበትን ሰሌዳ በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ እዚያ የቀረች የዝገት ቅንጣት ጫፉ ላይ ስትደርስ ብዙ እጥፍ ሆና ምላጩን ታወዛውዛለች። ጥርሶቹ ከላይ በኩል ወደ እናንተ፣ ወደ ሠራተኛው ይዩ።

ምላጩን ከማሰራችሁ በፊት ግን ሞተሩን ብቻውን አስነሡት። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ መብራት ከሚያመጡለት ሦስት ሽቦዎች የሁለቱ ቦታ ከተለዋወጠ ወደ ኋላ ይዞራል። የእነርሱም ወደ ኋላ ዞረ። ምላጩ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እንጨቱን ወደ ላይ እያነሣ ይወረውረው፣ ዳዶውንም ያላላው ነበር። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሁለት ሽቦ አቀያየረ፤ አለቀ።

ከምላጩ ኋላ የምትቆመውን ስስ የብረት ሰሌዳ የጣሏት ቀደምት ባለቤቶች ናቸው፤ «ታስቸግራለች» ብለው ሳይሆን አይቀርም። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ምላጩን ቆንጥጦ ወደ ደረታችሁ እንዳይወረወር የምትከለክለው እርሷ ናት። ከምላጩ አካል ወፈር፣ ከሚቆርጠው መስመር ቀጠን ያለች አዲስ አሠራን። ያለ እርሷ ሴጋውን አላስረክብም አልኳቸው፤ ቅር ቢላቸውም አልተመለስኩም።

በመጨረሻ ከምላጩ መስመር ወደ ጎን ቆመን አስነሣነው። አሥር ደቂቃ ባዶውን ዞረ። አጥፍተን፣ ምላጩ ጨርሶ እስኪቆም ጠብቀን፣ ከመብራት አላቀቅነውና ትንሹን ልጅ እጁን ኩሽኔታው ቤት ላይ እንዲያሳርፍ ነገርኩት። የሚያቃጥል ቢሆን ሁሉንም እንደገና እንፈታው ነበር። «ለብ ብሏል ጋሼ» አለኝ። የዋንዛውን ጣውላ አመጡ።