ስለ ዕድሜ እርከኖች የጠየቃችሁኝ፣ የመለስኩላችሁ

ባለፈው ሰንበት እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነው ወሬው የተነሳው። አንዷ እናት «ይሄ ልጅ እምቢ ብቻ ሆነብኝ» አለች። ሌላዋ ስለ ጎረምሳ ልጇ ቀጠለች። ጡረተኛው ጎረቤታችን ደግሞ ዝም ብለው ሰሙና «ለእኛስ ዕድሜ የሚሆን ትምህርት አላችሁ?» አሉኝ። ሥነ ልቦና አስተምራለሁና «ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ» አልኩ። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። በመጣበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የነርስ ተማሪ ነኝ። ስምንቱን እርከኖች በአጭሩ ንገረን።

መልስ፦ ሀሳቡ የኤሪክ ኤሪክሰን ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ተወለደ። ቪየና ከአና ፍሮይድ ዘንድ ሠለጠነ። በ1933 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ከፈለው። በየእርከኑ ሁለት ነገሮች ይታገላሉ። እስከ 1 ዓመት ተኩል ድረስ መተማመንና ጥርጣሬ ናቸው። እስከ 3 ዓመት በራስ መቻልና ሀፍረት፣ እስከ 6 ተነሳሽነትና የጥፋተኝነት ስሜት፣ እስከ 12 ትጋትና የበታችነት ስሜት። በጉርምስና ማንነትና መደናገር ይመጣሉ። በወጣትነት ቅርበትና ብቸኝነት፣ በጎልማሳነት ለተተኪ ማሰብና ባሉበት መድረቅ፣ በእርጅና በኖሩት መርካትና ተስፋ መቁረጥ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ይሄ የሚታለፍና የሚወደቅ ፈተና አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ገበያ ወርዶ በርበሬ የሚገዛ ሰው ትንሽ ጥርጣሬ ባይኖረው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ይዞ ይገባል። ዋናው ሚዛኑ ወዴት አጋደለ የሚለው ነው። ያጋደለው ደግሞ በኋላ ሊቃና ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ አላለፈም። ዓመት ሊሆነው ነው። ተኝቶ ይውላል፣ ስልክ ላይ ያፈጣል። አንዴ ሹፌር እሆናለሁ ይላል፣ አንዴ ሥዕል፣ አንዴ ውጭ አገር። አባታችን «አንተማ የትም አትደርስም» ይለዋል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ለአባትሽ ንገሪልኝ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባቱ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጸጥታው ትምህርቱን ያቋረጠባቸው ብዙ ናቸው።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ያለበት ዕድሜ «እኔ ማን ነኝ?» የሚባልበት ነው። እስከ ፈተናው ድረስ መልሱ ቀላል ነበር፤ ተማሪ ነኝ ይላል። ፈተናው ያንን ስም ነጠቀው። አሁን ሹፌር፣ ሠዓሊ፣ ስደተኛ እያለ የሚለዋውጠው ልብስ እንደመለካት ነው። ጄምስ ማርሺያ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. ወጣቶችን በአራት ሁኔታ ለይቷቸዋል። አንዱ አይፈልግም፣ አይወስንምም። አንዱ ሳይፈልግ ቤተሰቡ የመረጠለትን ይዟል። አንዱ ገና እየፈለገ ነው። አንዱ ፈልጎ ወስኗል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የመጀመሪያውና ሦስተኛው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሥራ ፈት ይመስላሉ። ግን አይገናኙም።

ኤሪክሰን ራሱ ይህን በአካሉ አውቆታል። ወላጅ አባቱን አያውቅም፤ ያሳደገው እንጀራ አባቱ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሥዕል እየሣለ አውሮፓን ዞረ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው በኋላ ሃርቫርድ አስተማረ። ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ስም ሰጥቶታል፤ የፋታ ጊዜ ልንለው እንችላለን። ኅብረተሰቡ ወጣቱን «ትንሽ ሞክር፣ እስክትወስን እንጠብቅሃለን» የሚልበት ጊዜ ነው።

ፋታ ግን አልጋ ላይ መዋል አይደለም። የሚሞከር ነገር ይፈልጋል። ሹፌር እሆናለሁ ካለ አንድ ሳምንት ከምታውቁት ባለ ሚኒባስ ጋር ረዳት ሆኖ ይዋል። ሥዕል ካለ እርሳስና ወረቀት ግዢለት። አባትሽን ደግሞ «የትም አትደርስም» የሚለውን ቃል እንዲተው በትሕትና ለምኚልኝ። በዚህ ዕድሜ የተባለ ቃል ስም ሆኖ ይቀራል። ምግብ ከዘጋ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቀን አትቁጠሩ። ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ በ13 ዓመቷ ነው የተዳረችው። ስድስት ወልዳ አሳደገች። አሁን በ52 ዓመቷ የማታ ትምህርት ጀመረች። ሰፈሩ ይስቅባታል። እኔም ትንሽ አፈርኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

መልስ፦ እንኳን እውነቱን ተናገርክ። እናትህ በ13 ዓመቷ «ማን ነኝ?» ብላ ሳትጠይቅ የሰው ሚስት ተባለች። ጥያቄው ግን አልሞተም። እናንተን እያሳደገች ጠብቆ ቆየ። አሁን እጇ ሲላቀቅ ብቅ አለ። ያለፈ እርከን ተመልሶ ይመጣል፣ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል የምለው ይህንን ነው። ማታ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሄደህ ተቀበላት። ደብተሯን አንተ ያዝላት። ሰፈሩ ያንን ካየ ሌላ መልስ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የወሊድ ፈቃዴ አለቀ። ልጄ ገና 3 ወሯ ነው። እናቴ ጋ ትቻት ሥራ ልገባ ነው። እምነት የሚባለው ነገር ይጎዳባት ይሆን? እያለቀስኩ ነው የምጽፍልህ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ለእናት አንጀት ትንሽ ነው። ልጅ የምትተማመነው ግን የእናቷ ሰዓት ስለበዛ ብቻ አይደለም። ስታለቅስ የሚመጣ ሰው ስላለ፣ ነገሩም በየቀኑ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። ያው ጀርባ፣ ያው አንቀልባ፣ ያው እሹሩሩ። አያቷ ይህን ከአንቺ በላይ ያውቁበታል። አንቺ ስትወጪ ተደብቀሽ አትውጪ። ሳሚያት፣ «መጣሁ» በያት፣ ማታ ነይ። ኤሪክሰን የመጀመሪያው የመተማመን ምልክት ብሎ የጻፈው ሕፃን እናቱ ከዓይኑ ስትርቅ ብዙ ሳይጨነቅ መቆየቱን ነው። እናቱ ውስጡ ስላለች ነው የማይጨነቀው።

ጥያቄ፦ ያው ቡና ላይ ያልኩህ ነኝ። የ2 ዓመት ከ8 ወር ልጄ ሁሉን እምቢ። ጫማውን ራሴ ላድርግ ይላል፣ ግራና ቀኙን ያገላብጣል፣ ከረፈደ በኋላ ይጮሃል። አያ ጅቦን እጠራበታለሁ።

መልስ፦ እምቢታው የዕድሜው ሥራ ነው። «እኔ» ማለትን የሚለማመደው በእሱ ነው። አሥር ደቂቃ ቀደም ብለሽ ተነሺ፣ ጫማውን ያገላብጥ። ምርጫ ስጪው፤ ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን? አያ ጅቦን ግን ተዪው። እና «ነውር! ሰው ምን ይልሃል?» የሚለውንም በልክ አድርጊው። ሀፍረት በልኩ ጨዋ ያደርጋል። ሲበዛ ልጁ ገና ሳይሞክር እጁን ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ነው። ከ48 ተማሪ 41ኛ ወጣ። ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደርኩ እቆጣዋለሁ። ካልተቆጣሁት እንዴት ይበረታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኛ አገር ልጅ ገና በር ሳይገባ «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል። «ምን ቻልክ?» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ግን የልጁ ጥያቄ እሱ ነው። እጄ የሚሠራው ነገር አለ ወይ?

አንድ ነገር ላጫውትህ። የእህቴ ልጅ በ7 ዓመቷ እናቴ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። ሊጡ ሊያልቅ ሲል እንጎቻዬን ራሴ ካልጋገርኩ አለች። እኔ «ተዪ፣ ትቃጠያለሽ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አልኳት። እናቴ እኔን በዓይኗ ገሠጸችኝና ማሰሻውን ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ምጣዱን አሰሰች። በትንሽ ኩባያ አፈሰሰች። እንጎቻዋ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ብጥቅጥቅ፣ ዓይን ያወጣችው መሐሏ ላይ ብቻ ነበር። ማታ ራት ሲቀርብ እናቴ ያቺን እንጎቻ መሶቡ ላይ ከሁሉ በላይ አደረገቻት። ከሷ ቆርሳ ለአባቴ መጀመሪያ አጎረሰችው። «የሷ ናት» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ልጅቷ ያን ማታ ራት አልበላችም። የምንበላውን እኛን ስታይ አመሸች።

እኔ መጽሐፉን አንብቤ ነበር። እናቴ አላነበበችም። አሁንም ድረስ የማፍርበት ቃል ያቺ ተረት ናት። ልጅህ በትምህርቱ ድጋፍ ያስፈልገዋል፣ አስጠናው፣ ዓይኑንና ጆሮውንም አስመርምርለት፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ይባላል። ግን በዚህ ሳምንት እጁ የሚችለውን አንድ ነገር ፈልግና ሰው ፊት መስክርለት።

ጥያቄ፦ 32 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። «ቆመሽ ቀረሽ» እባላለሁ። የወጣትነቱን እርከን ወደቅሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቅርበት ሠርግ ማለት አይደለም። ሳትደብቂ የምታወሪው፣ ሳይሸሽ የሚሰማሽ ሰው አለሽ ወይ? የልብ ጓደኛ፣ እህት ቢሆንም። ካለ መንገዱ ላይ ነሽ። አግብቶ አንድ አልጋ ላይ ብቻውን የሚያድር ስንት ሰው አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ተከራካሪ ነኝ። ይሄ ፈረንጅ ለፈረንጅ የጻፈው አይደለም? ሳይንስስ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ክርክር ነው። ኤሪክሰን በቤተ ሙከራ አልለካም። ሕሙማንን በማነጋገር፣ በመታዘብ ነው የጻፈው። ሆኖም የነጮችን ቤት ብቻ አላየም፤ ሱ እና ዩሮክ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሄዶ የልጅ አስተዳደጋቸውን አጥንቷል። ካሮል ጊሊጋን በ1982 እ.ኤ.አ. ትልቅ ቅሬታ አቅርባለች፤ መለኪያው የወንድ ሕይወት ነው፣ ለብዙ ሴቶች ማንነትና ቅርበት አብረው ነው የሚያድጉት ብላ። እኔ ልክ ናት እላለሁ። የዕድሜ ቁጥሮቹንም እንደ አጥር አትያዙ። እኛ ጋ ልጅ በጉርሻ ያድጋል፣ ከእናቱ ጎን ይተኛል። በራስ መቻሉ በሌላ በር ይመጣል። ግን ልጅ እምነት ይሻል፣ ሽማግሌ የኖርኩት ከንቱ አልነበረም ማለት ይሻል የሚለውን የሚክድ ጎንደሬ እስካሁን አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ፣ 47 ዓመቴ። ልጅ አልሰጠኝም። የጎልማሳነቱን እርከን፣ ለተተኪ ማሰብ የሚለውን ሳነብ ሆዴ ባባ።

መልስ፦ እትዬ፣ ይህ እርከን የማኅፀን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤሪክሰን መውለድ ብቻውን እዚህ አያደርስም፣ ቀጣዩን ትውልድ ማነጽ ነው ብሏል። ጎንደር ውስጥ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቋቋም የሚያስተምሩ መነኩሴ የኔታን አስቧቸው። ልጅ የላቸውም። ግን ከስንት አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ ጽናጽሉን አያያዝ፣ መቋሚያውን አጣጣል ከእሳቸው ይዞ ይሄዳል። ሲያስተምርም «የኔታ እንዲህ ነበር የሚሉት» ይላል። እርስዎስ ስንት ልጅ ነው ፊደል ያስያዙት?

ጥያቄ፦ የ74 ዓመት አሮጊት ነኝ። የልጅ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ትናንት እቅፌ ውስጥ ሆኖ «አያቴ፣ መቼ ነው የምትሞቺው?» አለኝ። እናቱ ደንግጣ በጥፊ ልትለው ስትል ያዝኳት። ምን ልበለው?

መልስ፦ እማማ፣ እጇን መያዝዎ ትልቅ ነገር ነው። የ5 ዓመት ልጅ የሚጠይቅበት ዕድሜው ነው። ቢመታ ኖሮ መጠየቅ ጥፋት መሆኑን ይማር ነበር። እርስዎ ደግሞ የመጨረሻው እርከን ላይ ነዎት፤ ቡና ላይ የጠየቁኝ ጡረተኛም እንደዚያው። «ካረጁ አይበጁ» የሚለውን ሁለታችሁም አትስሙ። ኤሪክሰን ሁለቱን ጫፎች አገናኝቷቸዋል። ሽማግሌዎቹ ሞትን የማይፈሩበት እርካታ ካላቸው፣ ልጆቹ ሕይወትን አይፈሩም ይላል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ መልስ እርስዎ ጋ እንጂ እኔ ጋ የለም። ሳይቆጡ፣ ሳይሸሹ፣ እውነቱን በሚገባው ቃል ይንገሩት። «ቀኑን እግዜር ነው የሚያውቀው፣ እስከዚያ ግን እዚሁ ነኝ» ቢሉት በቂ ነው። እሱ ሲጠግብ ጥያቄውን ራሱ ይተወዋል።

ምን እንዳሉት ግን ይጻፉልኝ። ለእነዚያ ጡረተኛ ጎረቤታችን አነብላቸዋለሁ።