«ስንት ቁጥር ቸርኬ ልግጠም?» ጥያቄና መልስ ከድሬ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ጎማና ቸርኬ ሆኗል። ግማሹ ለደንገጎ ዳገት ነው፣ አንዱ ደግሞ ለእውነተኛ የውድድር ሜዳ። አንድ ላይ ልመልስ።

ከሳቢያን፦ ቪትዝ አለኝ፣ ጎማው 165/70 R14 ነው። ባለ 15 ቸርኬ ከ185/60 ጎማ ጋር አገኘሁ። ይሄዳል?

መጀመሪያ ቁጥሩን እናንብበው። 165 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው። 14 የቸርኬው ቁመት ነው፣ በኢንች፤ ወደ ሚሊ ሜትር ቀይረው። ጎኑን ሁለት ጊዜ ቸርኬው ላይ ስትደምር የጎማው ሙሉ ቁመት 587 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ያገኘኸው 603 ነው። ቆጣሪህ 100 ሲል አንተ 103 ገደማ እየነዳህ ነው ማለት ነው። ጉልበትም ይቀንስብሃል፤ ደንገጎን አራት ሰው ጭነህ ስትወጣ ይነግርሃል። ቸርኬውን ውሰድ፣ ጎማውን ግን 185/55 አድርገው። 584 ነው፣ ከፋብሪካው ጋር እኩል በለው።

ከጀርመን፣ የከዚራ ልጅ፦ አቦ፣ በጋ ላይ ኑርቡርግሪንግ የውድድር ሜዳ ላይ ልነዳ ነው። ጎልፌ 225/40 R18 ነው። 19 ላድርገው?

ኧረ ተው! ወደ ታች ውረድ እንጂ። ለሜዳ የሚመረጠው ፍሬንህን የሚያስገባው ትንሹ ቸርኬ ነው። ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። ክብደቱ ደግሞ ከሞላው በታች ስለሆነ ጎማው አስፋልቱን ተከትሎ መውረድና መውጣት ያቅተዋል። የድሮው ረጅሙ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ እብጠቱና ጠርዙ ብዙ ነው። አጭር ጎን ያለው ጎማ እዚያ ጠርዝ ቢመታ ቸርኬው ነው የሚሰነጠቀው።

225/45 R17 ቁመቱ 634 ነው፣ ያንተ 637። ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። የፊት ፍሬንህ በ17 ውስጥ ማለፉን ግን ቸርኬውን ጭነህ በእጅህ አዙረህ እይ። የቸርኬውን ስፋት 7.5 ወይም 8 ኢንች አድርግ። ሰዎች የጎማ ስፋት ብቻ ይገዛሉ። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኑ ይነፋና ኩርባ ላይ ይወላገዳል፤ ገንዘብህ እዚያው ቀረ።

ከቁጥሩ በላይ ግን የጎማው ዓይነት ነው የሚለየው። ጥሩ 225 ተራ 245ን ይበልጣል። ግማሽ ለውድድር የተሠራውን ጎማ ካማረህ፣ ሲግል ነው የሚይዘው፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ያንሸራትትሃል። እዚያ አገር ደግሞ ዝናቡ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው። ሌላው፣ በመኪናው ወረቀት ላይ የሌለ ልክ ከሆነ ቲዩቭ (የጀርመን የመኪና መርማሪ ድርጅት) ሳያጸድቀው አትንዳ።

ከለገሃር፦ በድሬ ሙቀት ንፋሱን መቀነስ አለብኝ?

የለብሽም፣ እህቴ። የሚሞላው በቀዝቃዛ ጎማ ነው፣ ጠዋት ሳትነጂ። ቁጥሩ የሾፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ ወደ አንድ ተኩል ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጨምራል፤ ይህ ታስቦበት ነው የተሠራው። ቀትር ላይ ጎሚስታ ጋ ሄደሽ «በዛ» ብሎ ካስተነፈሰልሽ ሲነጋ ጎድሎ ታገኚዋለሽ። የጎደለ ጎማ ነው በረጅም መንገድ ግሎ የሚፈነዳው። ለጀርመኑ ወንድማችን ግን ሌላ ነው፦ ሜዳ ላይ በሙቁ ለክተህ ማስተንፈስ አለ፣ ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት ግን መልሰህ ሙላ።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ የአባቴ ፔጆ 404 አለችኝ። የድሮ ጎማዋ ላይ 165 R 15 ብቻ ተጽፏል። ሁለተኛው ቁጥር የት ሄደ?

ጋሼ፣ በዚያ ዘመን አይጽፉትም ነበር። ካልተጻፈ 80 እስከ 82 ነው ብለው ይያዙት። 165/80 R15 ካገኙ አይለፉት። እርሷን ሰፊ ጎማ አያልብሷት፤ መሪዋ ያለ እገዛ ነው፣ ክንድዎን ይጨርሰዋል።

ከገንደቆሬ፦ ማታ ማታ ደንገጎ ላይ ከጓደኞቼ ጋር እንፎካከራለን። የትኛው ጎማ ይይዛል?

የትኛውም። ኩርባውን ስትጨርስ የቆመ ሲኖ ትራክ ካለ 225ም 165ም እኩል ነው። ሜዳ ማለት ከፊት የሚመጣ የሌለበት ነው። ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ቀድሞ የሚከዳህ ፍሬን ነው። ማርሽ ቀንሰህ ውረድ።

ከሐረር፣ አራተኛ፦ ያገለገለ ቸርኬና ጎማ ስገዛ ምን ልይ?

ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019፣ 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል። ጥርሱ ቢያምርም የጎኑ ጎማ ስንጥቅጥቅ ካለ ተወው።

ቸርኬው ላይ የቀዳዳውን ብዛትና ርቀት ለካ። ቪትዝ 4 ቀዳዳ፣ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ መሃል 100 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ዳዶውን እይ። የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ነው የሚፈልገው፤ ከውጭ የተገዛው ደግሞ ሾጣጣ። ቢለዋወጡ ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፣ ግን አልተቀመጠም። አዲስ ቸርኬ ካስገባህ ድሬ ደርሰህ ስትመለስ፣ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ ዳዶውን በመስቀልኛ ቅደም ተከተል እንደገና አጥብቀው።