ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ለተከፈተባችሁ፦ ቀይ ሁሉ ጉድጓድ አይደለም

«ደሴ ከጦሳ ግርጌ ነን። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ግቢያችን ውስጥ በርሜል የሚያህል ጉድጓድ ተከፈተ፤ በራዳር እናስጠና?» ላልከው ወንድሜ፣ አብሽር። ለራዳር ግን ገንዘብ አታውጣ። ራዳር ሞገድ ወደ መሬት ልኮ ከሥር ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ላይ ጎበዝ ነው፤ እርጥብ ዋልካ ላይ ሞገዱ አንድ ሜትር ሳይወርድ ይሞታል። የሚሰጡህ ሥዕል ያምራል፣ የሚነግርህ ግን ምንም የለም።

አንደኛ፣ ጉድጓዱን እጠርና የውሃ መስመሩ የሚያፈስ መሆኑን አረጋግጥ። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተህ ቆጣሪውን አንብብ፣ ጠዋት ድገም። ቁጥሩ ከተለወጠ መሬት ውስጥ የሚፈስ አለ። ደሴ ባዛልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በተራራው ግርጌ ከላይ የተንከባለለ ድንጋይና አፈር ተከምሮበታል። እንደ ኖራ ድንጋይ አገር ዓለት ሟሙቶ ዋሻ ይሆናል ብለህ አትስጋ። ብዙ ጊዜ ውሃ አፈሩን ጠርጎት ነው፤ አለዚያ የተረሳ ሽንት ቤት ነው፣ ንዝረቱ ክዳኑን አወረደው። ሰፈሩ ውስጥ ያረጁ ሰዎችን ጠይቅ፣ ነጻ ነው። ክብ ሳይሆን ስንጥቅ ሆኖ ወደ ጎረቤት ግቢ ከቀጠለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የተዳፋት መንሸራተት ሊሆን ይችላልና ጥናቱ ከአንድ ግቢ ይሰፋል። በ1953 ዓ.ም. ከደሴ በስተደቡብ የካራቆሬው መንቀጥቀጥም መሬቱንና የደሴን መንገድ ሰነጣጥቆ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሪዚስቲቪቲ አስጠና፤ ኤሌክትሮድ የሚባሉ የብረት ካስማዎችን በመስመር ተክሎ፣ መሬቱ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካ ጥናት ነው። ጥልቀቱ የሚታየው የመስመሩን ርዝመት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፣ እሱም መሐል ላይ ብቻ። 24 ኤሌክትሮድ በ1 ሜትር ልዩነት ቢተከል መስመሩ 23 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በዚያ መስመር «15 ሜትር አየን» የሚል ሪፖርት ቢያመጡልህ አትፈርም። 48 በ2 ሜትር ከሆነ 94 ሜትር ስለሚፈልግ ጎረቤትን አስፈቅደህ በአጥር ማለፍ የግድ ነው። ጉድጓዱ መስመሩ ጫፍ ላይ እንዳይወድቅ፤ ሁለት መስመር በመስቀል ይሁን። የብረት አጥርና የቧንቧ መስመር ጎን ለጎን ከሄዱ ልኬቱን ያበላሻሉ፣ ስለዚህ የልኬቱ መስመር ቧንቧውን በመስቀል ተሻግሮ ይለፍ። ደረቅ ቦታ ላይ ካስማው ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይፍሰስ። እና በ2 ሜትር ልዩነት 5 ሜትር ሥር ያለ የ1 ሜትር ባዶ አይታይም፤ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ሦስተኛውና ሰው ብር የሚያፈስበት ይኸው ነው። የሪዚስቲቪቲው ሥዕል ላይ ቀይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ ነገር ነው። አየር የያዘ ባዶ ቦታ ቀይ ነው፤ ከጦሳ የተንከባለለ የባዛልት ቋጥኝም ቀይ ነው። ጭቃ የሞላው ጉድጓድ ደግሞ እንደ ዋልካው ሰማያዊ ሆኖ ይደበቃል። ቀዩን ዓይቶ ወለል ያስፈረሰ ሰው ከሥሩ ድንጋይ ሊያገኝ ይችላል። ሪፖርቱን የሚቀበል ቢሮም ቀለሙን ብቻ ዓይቶ «ቀይ ካለ ቤቱ ያሰጋል» ሊልህ ይችላል። መለያው በዚያው መስመር ላይ የመዶሻ ልኬት መጨመር ነው፤ መሬቱ በመዶሻ ተመትቶ ንዝረቱ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይለካል፦ 24 ጂኦፎን (ንዝረት የሚያዳምጥ መሣሪያ) በ2 ሜትር፣ ከ5 እስከ 8 ኪሎ መዶሻ፣ በየነጥቡ አምስት ስድስት ምት። መኪና ሲበዛ ልኬቱ ስለሚረበሽ ማለዳ ይሻላል። ቋጥኝ ላይ ሞገዱ ይፈጥናል፤ የላላ አፈር ላይ በሰከንድ ከ150 ሜትር በታች ይወርዳል። ይበልጥ የሚያሰጋው ቀይም የሆነ፣ ሞገዱም የሚዘገይበት ቦታ ነው። የስበት ልኬት (ከሥር ባዶ ካለ የመሬት ስበት በጥቂቱ መቀነሱን የሚያይ ጥናት) ያቀረበልህ ካለ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሐሉ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን የሚያሳየው 20 ማይክሮጋል (እጅግ ትንሽ የስበት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ከፍታ ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት ብቻውን 3 ማይክሮጋል ያዛባል። በዚያ ላይ ተራራው አጠገብህ ነው፣ የእሱ ስበትም ልኬቱን ያዛባል። ይቅርብህ።

ከዚያ በእጅ መሰርሰሪያ ሁለቱ ልኬቶች በተስማሙበት ቦታ ውጋ፤ ከጫፍ ጀምረህ፣ ሠራተኛው ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ የገመዱ ሌላ ጫፍ ከጉድጓዱ ራቅ ካለ ጠንካራ ነገር ጋር። መሰርሰሪያው ድንገት ከሰመጠ ባዶውን አገኘኸው። ስትሞላ ቆሻሻና ልቅ አፈር አትድፋ፤ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከላይ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ የተጠቀጠቀ ዋልካ። የጣሪያህን አሸንዳ ደግሞ ከዚያ አርቀህ አውጣው።