«መቶ አምፒር ይበቃኛል?» እና ሌሎች የሶላር ጥያቄዎች

ክረምቱ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ባትሪ ይሆናሉ። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የመብራት መስመር አልደረሰንም። አራት ባለ 9 ዋት አምፖል፣ 32 ኢንች ቴሌቪዥንና ሦስት ሞባይል አለን። ነጋዴው «መቶ አምፒር ጄል ይበቃሃል» አለኝ። እውነት ነው?

ስንት ሰዓት እንደሚያበሩ ጠይቆዎታል? ካልጠየቀ በግምት ነው የነገረዎት። አራቱ አምፖሎች 36 ዋት ናቸው፤ ማታ አምስት ሰዓት ሲበሩ 180 ዋት ሰዓት ይበላሉ። ቴሌቪዥኑ 50 ዋት ቢሆን በአራት ሰዓት 200። ሞባይሎቹን 45 እንበል። ድምሩ 425 ነው። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተርም የራሱን ስለሚቆርጥ 500 ብለው ይያዙት።

አሁን ወደ ባትሪው። ነጋዴው በአጭሩ «መቶ አምፒር» ያለው መቶ አምፒር ሰዓት ማለቱ ነው፤ 12 ቮልት በ100 ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ጄል ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። እጅዎ ላይ ያለው እንግዲህ 600 ብቻ ነው። በጋውን ይዘልቁበታል። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ለሁለት ቀን ስትጠፋ ግን በሁለተኛው ማታ ድራማው ሳያልቅ ይጨልማል። እኔ ብሆን 200 እገዛለሁ። ሊቲየም ከሆነ 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል 100ው 960 ይሰጣል፤ ለሁለት ማታ ለጥቂት ነው የሚያንሰው። ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ባትሪ እንጀራ መጋገር እችላለሁ?

አይ እህቴ፣ ይቅርብሽ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ከ12 ቮልት ባትሪ ይህን ለማውጣት ወደ 290 አምፒር ያስፈልጋል፤ ሽቦው ራሱ ምጣድ ይሆናል! ለእንጀራው «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ ፍሪጄ ላይ 100 ዋት ይላል። ኢንቨርተሬ 300 ነው። ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ኢንቨርተሩ ጢጥ ብሎ ይጠፋል። ባትሪ ልጨምር?

ባትሪው አይደለም ጥፋተኛው። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይስባል። የሚለወጠው ኢንቨርተሩ ነው። ሲገዙ የመነሻ አቅሙን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመኪና ባትሪ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?

እኔም ተሸውጄበታለሁ። የመጀመሪያው ወር ሰርግ ነበር። ከዚያ አምፖሉ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መደብዘዝ ጀመረ፤ ስድስት ወርም አልቆየም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር አስነስቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እንዲታለብ አይደለም።