ክኒኑን ስኳር ዕቃ ውስጥ ደብቄ ነበር የምውጠው

አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ። እንዴት ሰነበቱ?

አምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። 34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት። ልብስ እሰፋለሁ።

በ2014 ጥቅምት ላይ ከተማዋ በጦርነቱ ስትጨነቅ ያኔ ሦስት ዓመቱ የነበረውን ልጄን አዝዬ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከዚያም እስከ ደብረ ብርሃን ተሰደድን። ስንመለስ ሱቄ ባዶ ነበር። ሲንጀሬ የለም፤ መርፌ እንኳ አልተውልኝም። ያን ጊዜ አላለቀስኩም። ነፍሳችን ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ከዜሮ ጀመርኩ። የጨለመብኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃና ጣራ ጣራውን እያየሁ አነጋለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ሶላት ላይ ቆሜ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ልጄ «እማ» እያለች ቀሚሴን ስትጎትት እሰማታለሁ፤ መልስ ለመስጠት ግን አፌ አይከፈትም።

እናቴ «ዓይን ነው» አለች። ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ ወዳጃ ተደረገልኝ። ዱዓው ደስ ይል ነበር፣ ለዚያች ሌሊት ቀለል አለኝ። በማግስቱ ግን ያው ነኝ። አምና እህቴ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ድባቴ ነው ተባልኩ።

የመጀመሪያው መድሃኒት አሚትሪፕቲሊን ነበር። ማታ ማታ ነው የምውጠው። እንቅልፍ ሰጠኝ፣ አልዋሽም። ግን አፌ ደርቆ ምራቅ የሚባል ጠፋ። የሆድ ድርቀት ያዘኝ። ጠዋት ከአልጋ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ እየተኮስኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ካውያው ጨርቁ ላይ ቅርጹን አትሞ ቀረ። ከኪሴ ከፈልኩ።

ከዚያ ሰርትራሊን ወደሚባለው ቀየሩልኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ?» እስክባል ድረስ። ከዚያ ተወኝ። በወር ከምናምን እንቅልፌ ተመለሰ። አንድ ቀን እየሰፋሁ ለካ አንጎራጉራለሁ። የሰማችኝ እህቴ ናት፤ በር ላይ ቆማ አለቀሰች።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ። ይህን ለእህቴም አልነገርኳት። መድሃኒቱ ስሜቴን ወሰደው። ከባለቤቴ ጋር ስንተኛ እንጨት ነኝ። ፍላጎቱ የለም፤ ቢኖርም መጨረሻው አይመጣም። መጀመሪያ እያስመሰልኩ አለፍኩ። ኋላ ደከመኝና ጀርባዬን መስጠት ጀመርኩ። እሱ መድሃኒት እንደምወስድ አያውቅም። «የእብድ ክኒን» እንዳይለኝ ፈርቼ ከረከቦቱ ሥር በማስቀምጠው ስኳር ዕቃ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ እደብቀዋለሁ። የድሮው ክኒን የተረፈውም እዚያው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ምሽት፣ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣ «ልብሽ ሌላ ጋ ነው እንዴ?» አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ መድሃኒቱን አቆምኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ኮረንቲ ጀመረኝ። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ዝዝ ይልና ያልፋል። ደረጃ ስወርድ መሬቱ ይወዛወዝብኛል። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ሕልሜ ያስፈራል። ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው። ፋርማሲ የምትሠራ ጎረቤቴን በዘወርዋራ ብጠይቃት «ሱስ ነው፤ የለመደ ሰው ሲያቆም እንዲህ ያደርገዋል» አለችኝ። ሐኪሙ ስለዚህ አንድም ቀን አልነገረኝም። ስሜን ጠርቶ፣ ወረቀት ጽፎ፣ «በወሩ ተመለሺ» ብሎ ነው የሚሸኘኝ።

እትዬ፣ ሱሰኛ ሆኜ ነው? ልመለስበት ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልቻለው? ባለቤቴንስ ምን ልበለው? ረመዳንም ደርሷል፤ ብመለስበት እንዴት ልጾም ነው?

ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

*

ወአለይኩም ሰላም፣ እህቴ። አብሽሪ።

ከጥያቄዎችሽ በፊት ያልጠየቅሽኝን ልናገር። ያ ስኳር ዕቃ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ክኒኖቹን ከዚያ አውጫቸው። የሦስት ዓመት ልጅ ስኳር ዕቃ ውስጥ እጇን መክተቷ አይቀርም፤ ያገኘችውንም ከረሜላ ነው ብላ ትውጠዋለች። በተለይ የተረፈው አሚትሪፕቲሊን ለትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬው እንኳ የልብ ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። የማትወስጂውን ወደ ፋርማሲ መልሺ። የምትወስጂው ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። አደራ።

አሁን ወደ ኮረንቲው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይህን ዓይነት መድሃኒት የዋጥኩ ሰው ነኝ። ኮረንቲው ጂንም፣ እብደትም፣ ሱስም አይደለም። እንደ ሰርትራሊን ያለውን በድንገት ያቆሙ ሰዎች በየአገሩ የሚናገሩት ነገር ነው። ሌላው ዓለም ላይ ያሉትም ሲገልጹት እንዳንቺው ኤሌክትሪክ ነው የሚሉት። ማዞሩ፣ ቁጣው፣ ሕልሙ ከእሱ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው። መድሃኒቱ የሚሠራው ሴሮቶኒን የሚባለው የአእምሮ መልእክተኛ በነርቮች መካከል ቶሎ እንዳይመጠጥ በማድረግ ነው። አእምሮሽ ወራት ፈጅቶ ከዚህ ጋር ራሱን አስማማ። አንቺ ደግሞ በአንድ ሌሊት ነጠቅሽው። ሰርትራሊን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ነው በሦስተኛው ቀን የተሰማሽ። የኔው ፍሎክሰቲን ነበር፤ እሱ ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት ኮረንቲውን አላየሁትም። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ የሚቆይባቸውም ሰዎች አሉ።

ሱስ ግን ሌላ ነው። ሱስ ያምርሻል፣ ጨምሪ ጨምሪ ይልሻል። አንቺ ክኒኑ አምሮሽ ያውቃል? ሸሸሽው እንጂ። ሱስ በማስያዝ የሚታወቁት እንደ ዲያዚፓም ያሉት የማረጋጊያ ክኒኖች ናቸው፤ ጎረቤትሽ ሁለቱን ሳታምታታ አልቀረችም።

ጥርሴን ነክሼ ልቻለው ወይ ላልሽው፣ ብቻሽን አይሆንም እልሻለሁ። እኔን ያስፈራኝ ኮረንቲው አይደለም። እሱ ያልፋል። የሚያስፈራኝ ከኋላው ተደብቆ የሚመጣው ነው። እኔም እንዳንቺ አድርጌያለሁ። በአራተኛው ወር ተሻለኝ ብዬ የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ከተትኩት። የመጀመሪያው ወር ምንም የለም። «አየሽ፣ ድሮም አያስፈልገኝም ነበር» አልኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ለሥራ ልወጣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን ላስር። ማሰሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ስትሄድ አያታለሁ፤ እጄ ግን አይታዘዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም እስከ ዓመት ድረስ እንዲቀጥል የሚመከረው ለዚህ ነው። ሲቆምም ቀስ በቀስ፣ በሐኪም እጅ እየተቀነሰ ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

በራስሽ እንደገና ጀምሪም አልልሽም። ከ12 ቀን በኋላ በምን ያህል እንደሚጀመር፣ ወይም መጀመር ይኑርብሽ አይኑርብሽ፣ ሐኪም ይወስን። ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሳምንትም አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ለእህትሽ ንገሪያትና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ወደ መኝታ ቤቱ ልግባ። የኔም ቁስል እዚያ ስለነበር ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ስሜትሽ መጥፋቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሰርትራሊን፣ ፍሎክሰቲንና ዘመዶቻቸው ወንዱንም ሴቷንም እንዲህ ያደርጋሉ። ፍላጎት ይቀንሳል፣ እርካታ ይዘገያል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ከመድሃኒቱ ጋር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ አለ። ሰው ግን ማቅለሽለሹን ይናገራል፣ ይህን ውጦት ይቀመጣል። እኔ ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ። ባለቤቴ የጠላሁት መስሎት ሌላ ክፍል መተኛት ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ለአንዲት ሳይካትሪ ነርስ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። ካርዱ ላይ መጻፏን እንኳ ሳታቆም «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ፤ ስለ ራስ ምታት እንደምትጠይቅ። ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

መላ አለው፣ እህቴ። መጠኑን መቀነስ አለ። ትንሽ ቆይቶ ማየት አለ። በዚህ በኩል ጫናው ቀለል ወዳለ መድሃኒት መቀየርም አለ። ድባቴው ራሱም ፍላጎት ይገድላልና ከመድሃኒቱ በፊት እንዴት እንደነበርሽ ይጠይቁሻል፤ አስበሽበት ሂጂ። መናገር ካፈርሽ ጽፈሽ ስጫቸው። የመድሃኒቱን ስምና ሚሊግራም ጻፊ። የጀመርሽበትንና ያቆምሽበትን ቀን ጻፊ። ከሥሩ «ኮረንቲ፣ ማዞር፣ ቁጣ»። ከዚያም ሥር «ከባለቤቴ ጋር ስሜት የለኝም፤ ያቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው»። አራት መስመር ናት። ሦስት ደቂቃ ያለው ሐኪምም አራት መስመር ያነባል።

ሐኪምሽ ይህን ቀድሞ ሊነግርሽ ይገባ ነበር። ደጃፉ ላይ ያለውን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ግን «መጀመሪያ ያቅለሸልሽሻል፣ ኋላ ስሜትሽ ሊቀንስ ይችላል፣ ሳትነግሪኝ እንዳታቆሚ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያ ግማሽ ደቂቃ ቢኖር አንቺ ዛሬ ኮረንቲ ይዞሽ ደረጃ ባልወረድሽ ነበር። በዚህ እናደዳለሁ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሳይቆጣ ነው የጠየቀሽ። ክፉ የተጠራጠረ ሰው እንዲያ አይጠይቅም። ልጆቹ ሲተኙ ቡናሽን አፍይ፣ አድሩስሽን አጭሺ። አቦሉን በሰላም ጠጡት። ቶናው ላይ ንገሪው፦ «ልቤ ሌላ ጋ አይደለም። ታምሜ ነበር። መድሃኒት እወስድ ነበር። ስሜቴን የወሰደብኝ እሱ ነው።» ክኒኑን አሳዪው። ሊከፋው ይችላል። የሚከፋው ስለደበቅሽው ነው እንጂ ስለታመምሽ አይመስለኝም። «የእብድ ክኒን» የሚል ቃል ካመለጠውም አትሽሺ። እኛ አገር ለረጅም ዘመን የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ስለነበር ስሙ ራሱ መሰደቢያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ እዚያው ደሴ ሕክምናው አለ። ወረፋው ላይ የሚቀመጠው ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ሾፌሩ ነው። ለቀጠሮሽ ይዘሽው ሂጂ፤ ዓይኑ ያያል።

እናትሽንም አትጋፊያት። ዱዓውና መድሃኒቱ አይጣሉም። ወዳጃው ላይ ጫት የምትቅሚ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድም ድብርት ጥሎ ነው የሚሄደው። ሌላም አለ። ስፌት ላይ የሚውል ሰው ወገቡን ማመሙ አይቀርም ብዬ ነው፤ ሐኪም ሳይነግርሽ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ገዝተሽ ከሰርትራሊን ጋር እንዳትውጪ። ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒኑ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳትና የልብ መፍጠን ሊያመጣ ይችላል።

ረመዳን አያስጨንቅሽ። ሰርትራሊን በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው። ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር ይወሰዳል። የትኛው እንደሚሻልሽ፣ ሰዓቱንም ከወሩ በፊት እንዴት እንደምታለማምጂው ቀጠሮው ላይ ጠይቂ። ሰውነትሽ ካልቻለ ሱረቱል በቀራ 185ኛው አያ ለታመመና ለመንገደኛ ሌሎች ቀናት ሰጥቷል። እሱን ከኔ ይልቅ ሸኽሽ ያስረዱሻል።

ከሐኪም ስትመለሺ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። እየሰፋሽ ያንጎራጎርሽውንም ጻፊልኝ። መንዙማ ነበር ወይስ ትዝታ?