ሞርስ፣ ልጓም ወይስ ሞት?

ጥያቄ፦ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ነው የምንሠራው። ባልደረባዬ «ድሮ ፈረንሳይ ሞርስ የሚባል መኪና ነበር፤ ትርጉሙም ሞት ነው» ብሎ ይሟገተኛል። እኔ ከቴሌግራፉ ሞርስ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ማን ልክ ነው? ያኔስ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ነበር?
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ባልደረባዎ በግማሽ ልክ ነው፤ የእርስዎ ግምት ግን አያስኬድም። የቴሌግራፉ ሳሙኤል ሞርስ አሜሪካዊ ነው፤ የሚያገናኛቸው በእኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፋቸው ብቻ ነው። መኪናው ስሙን ያገኘው ከባለቤቱ ከኤሚል ሞርስ ነው። ቃሉ በላቲን ሞት ነው፤ በፈረንሳይኛ ግን ፈረስ አፍ ውስጥ የሚገባው የልጓም ብረት። ጉግስ ለሚያውቅ ጎንደሬ ይሄኛው ይቀርባል።

ስሙን ለወሬ ያመቻቸው እ.ኤ.አ. በ1903 የተካሄደው የፓሪስ–ማድሪድ ውድድር ነው። የፊተኛው መኪና አቧራ የኋለኛውን ያሳውራል፤ ተመልካቹም መንገድ ውስጥ ይገባ ነበር። ተወዳዳሪውን ማርሴል ሬኖን ጨምሮ ሰዎች ስለሞቱ ውድድሩ ቦርዶ ላይ ተቋረጠ። እስከዚያ ሲመራ የነበረው፣ በሰዓት በአማካይ ከ100 ኪ.ሜ. በላይ የሮጠው ጋብርኤል የተባለ ሹፌር የነዳው የሞርስ መኪና ነው። አጋጣሚ ነው እንጂ ጥፋቱ የስሙ አይደለም።

ካንዴላ ነበር። ሞርስ ግን መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ስለነበር ነዳጁን ለማቀጣጠል ሌላ መንገድ መረጠ። ሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት ኮንታክቶች አሉ፤ አንዱ ቋሚ፣ አንዱ ተንቀሳቃሽ። ገጥመው ሳሉ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው ከረንት ያልፍባቸዋል። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል በካም (እየዞረ በሚገፋ ጉብ ያለ ብረት) የሚገፋ ዘንግ ተንቀሳቃሹን ድንገት ያላቅቀዋል፤ ሲላቀቅ የሚፈጠረው ብልጭታ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ ሽቦው ቢያረጅም ከረንት በቀላሉ አያመልጥም፤ ለዚያ ዘመን ሽቦ ትልቅ ነገር ነው።

ጣጣው ተንቀሳቃሹ ክፍል ላይ ነው። ኮንታክቶቹ ካርቦን ይይዛሉ፣ ይበላሉ። ዘንጉ ወደ ሲሊንደር የሚገባበት ቀዳዳ ሲሰፋ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ያመቀው ጋዝ) ያመልጣል። ስፕሪንጉ ከላላ መላቀቁ ይንቀራፈፍና ብልጭታው ይደክማል። ባለ 4 ሲሊንደር ሲሆን ይህ ሁሉ በአራት ይባዛል፤ አንዱ ዘንግ ብቻ ቢበላ የዚያ ሲሊንደር ታይሚንግ (ብልጭታው የሚፈጠርበት ቅጽበት) ከሌሎቹ ይለያል፣ ሞተሩም ይንገጫገጫል። ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ ዘንጎቹ አይደርሱበትም። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1902 ከካንዴላ ጋር የሚሠራ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኔቶ (በማግኔት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ካመጣ በኋላ ዘዴው ቀስ በቀስ ተተወ።

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አንድሬ ሲትሮየን መራው፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ የሞርስ መኪና መመረቱ ቆመ፣ ፋብሪካውም ለሲትሮየን ሆነ።